ራስ ሲከብድ

ትርንጎ መጣች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣
አቧራ መሳቢያውን እንደ ሕፃን አዝላ፣
ገመዱ በስተኋላ አስፋልቱን እየላሰ፣
ቱቦው ትከሻዋን እየተንተራሰ፤
የቀኝ እጇን አንጓ በሻሽ ጠምጥማለች።
«ምን ሆነ?» አልኳት።
«ይሠራል፣ ይስባል፣ ይጮኻል» አለች፣
«ራሱ ነው እንጂ የከበደኝ፣ ራሱ።»

ጎንደር ተወልዶ ይህን የማያውቅ ማነው?
ራስ የከበደ ለት የሚሰበር እጅ ነው።
ከሱቄ መስኮት የግንቡ ጥግ ይታያል፤
ስንቱ ራስ ወጥቶበት ስንቱ ራስ ወርዷል፣
ድንጋይ ያመላለሰው ስሙ እንኳ ጠፍቷል።
እኔ ግን የብየዳ ሰው ነኝ፤ ታሪክ አልጠግንም፤
ደንበኛ ያመጣውን ራስ አልመልስም።

ገልብጬ ፈታሁት፦ ብሩሹን ክርና ፀጉር የተበተበው፣
ጉሮሮውን የፈረንጅ ሳንቲም ያነቀው።
የነደፈው ሰው ሜዳ ላይ ፈትኖት ይሆናል፣
ጎንደርን ያላየ፤
አንገቱን ከኋላ ጫፍ ተክሎ፣
ሞተሩን፣ ብሩሹን፣ ብረቱን ሁሉ ወደ ፊት ጥሎ።
ሲያነሱት አፍንጫው ይደፋል፤
ሲያዞሩት የሰው እጅ ይጠመዝዛል፤
ሆቴሉ ደግሞ አርባ ሁለት ደረጃ አለው፤
አርባ ሁለት ጊዜ ይሰግዳል፣
አርባ ሁለት ጊዜ የምታቃናው እሷ ነች።

ግድግዳ ላይ ሚስማር መታሁ፤ ራሱን በክር ሰቀልኩት፤
ከሚስማሩ ቁልቁል ቱንቢ አወረድኩበት፤
ቱንቢው ባለፈበት በጠመኔ አሰመርኩ፣
በሌላ ጠርዙ ሰቅዬ፣ ደግሜ አሰመርኩ።
ሁለቱ መስመሮች የተሻገሩበት፣
እዚያ ነው ክብደቱ ቤት የሠራበት።
ከአንገቱ እስከዚያ ለካሁ፦
አራት ጣት።
የአንድ ሰው እጅ ያበጠው ለአራት ጣት።

መጀመሪያ ቆረጥኩ። ከፊቱ ብረት ቀነስኩ፤
ማክሰኞን ሙሉ በዚህ ከሰርኩ።
ቀለለ፣ እውነት ነው፤ ቀሎ ግን ዘለለ፣
ምንጣፉን ትቶ አየር ሲቅም ዋለ።
ረዳቴ ይበልጣል፣ የወገራ ልጅ፣ ሳቀ፦
«ጋሼ፣ አህያ ጭነው አያውቁም እንዴ?
ቁልቁለት ላይ ጭነቱ አንገቷ ላይ ቢመጣ
እህሉን ያፈሳሉ?»

አላፈስም።
የቆረጥኩትን መልሼ በየድኩት።
ጭነቱ ወደ አንገቱ አልሄድ ካለ፣
አንገቱን ነቅዬ ወደ ጭነቱ ወሰድኩት።
ለቀረችው ትንሽ መዛነፍ፣ ከኋላ በኩል፣
እርሳስ አሰርኩ፤ ከጎርጎራ ዓሣ አጥማጅ የገዛሁት፣
የመረብ እርሳስ፣
ውኃ ሥር ዝም ማለት የለመደ።

ከጎረቤት በርበሬ ሻጭ ሚዛን ላይ አወጣነው፣
እያስነጠሰን።
«ከድሮው ጋር ሲተያይ፣ ምን ይላል?» አልኩት።
«ይበልጣል» አለ።
ስሙን የነገረኝ መስሎኝ ነበር።
መቶ ሃያ ግራም።

አርብ ጠዋት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ላይ፣
በሁለት ጣቷ ገፋችው፤ ቀስ አድርጋ፣ ቀጥሎ በላይ በላይ።
አልጋ ሥር ገባ፣ በወንበር እግር መሀል ታጠፈ፣
ግድግዳውን ሳይነካ ጥጉን አለፈ።
ደረጃው ላይ አነሣችው፦ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣
አፍንጫው አልሰገደም።

«እንዴት ቀለለ! ስንት ቀነስክለት?»
«ጨመርኩበት።»
ማሽኑን አጠፋች። አየችኝ። ራሱን አየችው።
«የኔም ደመወዝ ባለፈው ወር ተጨመረ ብለውኛል፤
እንዲህ ቀልሎ የመጣው
አንተ ዘንድ አድሮ ነው?»

መልስ አልነበረኝም።
ሥራ አስኪያጁ ስለ ስድስቱ ሌሎች ማሽኖች
ዋጋ ሊከራከረኝ ከታች ሲጠራኝ፣
እሷ የኮሪደሩን መስታወት ትወለውላለች፣
በቀኝ እጇ፣
በሻሹ።