ቀይ ተረከዝ

መኪናው የቆመው ባርታንግ ወንዝ ዳር፤
ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ ልማድ ብቻ ነበር።
ቋጥኝ ውስጥ የተሰካ ግንድ፣ በላዩ ጭራሮ፣
በጭራሮው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ፤ በቃ፣ ያ ነው ኑሮ።
ወርዱ ሁለት ስንዝር፣ ሲጠብ ስንዝር ተኩል፤
በግራ ዓለቱ አለ፤ በቀኝ ምንም። ምንምን ነው የሚሉት ገደል።

በጀርባዬ ሣጥን፣ በሣጥኑ በረዶ፣ በበረዶው ክትባት፤
ዐሥራ አንድ ክንድ አለ፣ በላይኛው መንደር፣ ቆሞ የሚጠብቃት።
በረዶው ይቀልጣል። ፍርሃት ግን አይቀልጥም።
ሰዓቴም አንድ ቀን «ተረጋጋ» ብሎኝ አያውቅም።

እኔ የቆላ ሰው ነኝ፣ የጥጥ ገበሬ ልጅ፣ ከኩሎብ ሜዳ፤
ከፍታን የማውቀው በመሰላል ነው፣ እሱንም ወንድሜ ይዞልኝ ከግድግዳ።
«እግሬ አውጪኝ» ይላል የፈራ ሰው፣ ሲሮጥ፤
የኔ እግር ግን «አውጣኝ» ይለኛል፣ እዚያው ሲንቀጠቀጥ።
«መሬት ዋጪኝ» ይላል ሰው፣ አፍሮ ሲቀላ ፊቱ፤
እዚህ ግን ዝም ነው፤ አፏን ከፍታለች፣ ደርሷል የምሳ ሰዓቱ።

አይቤጊም ትመራኛለች። ስድሳ ዓመቷ ነው፣ ምናልባት ከዚያ በላይ፤
የጎማ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ትሄዳለች ዓለቱ ላይ።
ካልሲው የሱፍ ነው፣ ራሷ የሠራችው፣ ጥለት በጥለት፣
ተረከዙ ተበልቶ በቀይ ክር የተጣፈበት።
«ወደ ታች አትይ አልልህም» አለች፤ «ያላዩት ነገር ያድጋል፤
አንዴ እየው፣ ሰላም በለው፣ ከዚያ ተወው፤ እሱም ሥራ አለው፣ ይሄዳል።»
አየሁት። ሰላም አልኩት። ወንዙ አልመለሰም።
ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከቀዩ ክር አልተነሣም።

ቀይ ተነሣ፣ ቀይ ዐረፈ።
ቀይ ተነሣ፣ ቀይ ዐረፈ።
አንድ ድንጋይ ከእግሬ ሥር ሾልኮ ቁልቁል ከነፈ፤
ሲያርፍ ለመስማት ጠበቅሁ። አልሰማሁም።
ጠበቅሁ።
አሁንም አልሰማሁም።

እና ቆምኩ።
ቆምኩ ማለት ይቅለለኝ እንጂ፣ በደረቴ ዓለቱ ላይ ተለጠፍኩ።

ተመልሳ መጣች። አልጎተተችኝም፣ አይዞህም አላለች፤
ጭራሮው ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ወደ ባዶው አንጠለጠለች፤
ከኪሷ የደረቀ እንጆሪ አውጥታ አፌ ውስጥ ጨመረች፤
«ስትጨርስ ንገረኝ» ብላ ስለ ፍየሏ ታወራኝ ጀመረች።
እንዴት እንደነጠፈች፣ ለማን በስንት እንደሸጠቻት፣ ገዢው በስንት ቀን እንደካዳት፤
ወሬው ረዥም ነው። ሰውዬው ሌባ ነው፣ የሚስቱ ይባስ፣ አንጀት የላት።
በመሃሉ፣ ሳላውቀው፣ በሰውዬው ተናድጄ እጄን ከዓለቱ አነሣሁ፤
«ታዲያ ምን አልሽው?» ብዬ ልጠይቅ ከኋላዋ ተነሣሁ።

ማዶ ስንደርስ ሣሩ ላይ ጎንበስ ብዬ አስታወክሁ።
አፌን ጠርጌ «አንቺስ አትፈሪም?» አልኳት። «ሠላሳ ዓመት ፈራሁ»
አለች፣ ጫማዋን እያጠለቀች። «አንተ ተረከዜን ታያለህ፤ እኔ ከፊት ማንም የለኝ፤
ኮቴህን እየሰማሁ ነው የመጣሁት። ስትቆም ነው የጨነቀኝ።»

ከሰዓት በኋላ ዐሥር ክንድ ወጋሁ፤ በረዶው ጠብታ ሲቀር
ዐሥራ አንደኛው፣ ሾዲ የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጠፋ ከሰፈር።
ያገኘነው ያው ጭራሮ ላይ ነው፤ ያ ሁሉ ገደል ከሥሩ፣
መርፌ ፈርቶ ነው የሸሸው፤ ይወዛወዛል እግሩ።

ሣጥኔን ይዤ ሄድኩ። ስድስት እርምጃ። ማንም ሳይመራኝ።
ከጎኑ ተቀመጥኩ። እግሬን ማንጠልጠል ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አቃተኝ።
«መርፌውን አትይ አልልህም» አልኩት፤ «አንዴ እየው፣ ሰላም በለው።»
አየው። ሰላም አላለውም። ሰደበው።

ወጋሁት። ታች ወንዙ ሥራውን ይሠራል።
ነገ በዚሁ እመለሳለሁ። ሌሊቱን፣ ይላሉ፣ ይዘንባል።
አይቤጊም እሳት ዳር ካልሲዋን ትጥፋለች፤
ቀዩ ክር አልቆባት በቢጫ ቀጥላለች።