አንድ ሌሊት፣ ከቁርስ ጋር

ልጄ ኖሄሚ ናት ስጦታ ብላ የከፈለችው፤
«ስልሳ ስምንት ሞላሽ እኮ፣ እማ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው!»
ብላ ወረቀቱን መዳፌ ላይ አኖረችው።
አንድ ሌሊት፣ ከቁርስ ጋር፣ ሜክሲኮ ከተማ መሃል፤
የመንገዱን ስም አነበብኩ፤ ስሙ እንኳ ሌላ ሆኗል፤
ቁጥሩ ግን ያው ነው፣ ሠላሳ አንድ።
ምንም አላልኳት። ከሜትሮው ወጣሁ ወደ መንገድ።

በሩ ላይ ኢላሪዮ የሚሉት ልጅ፣ ቀጭን እንደ ሸንበቆ፣
ፎጣ ሰጠኝ የሞቀ፣ በሎሚ ውሃ ነክሮ ጨምቆ።
ግቢውን አየሁት።
ሴቶች ተሰልፈው ልብስ የሚያሹበት የድንጋይ ገንዳ
አበባ ተንሳፎበታል፤ ውሃው ለማንም አይቀዳ።
እናቴ በዚያ ድንጋይ የሰው አንሶላ ስትፈትግ
እጇ ይላጥ ነበረ እስከ ክርኗ ጥግ።
«ይሄ የጥንት ነው» አለኝ ልጁ፣ «ለውበት ነው የተውነው።»
«ያምራል» አልኩት። ማማሩስ እውነት ነው።

ክፍሌ ሰባት ቁጥር። ደረጃዋ አሥራ አራት፤
እኔ አልቆጠርኩም፣ እግሬ ነው የቆጠራት።
አልጋው ተዘርግቷል ምድጃችን በነበረበት ቦታ፣
ላዩ ላይ የላባ ትራስ ጋጋታ፤
ስድስት ትራስ ለአንድ ራስ።
ያኔ ለስድስት ራስ አንድ ትራስ፣
እሱም የጨርቅ ቁራጭ የታጨቀበት፣ ሌሊቱን ሲጎተት
ከቶሪቢዮ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ቤርታ አንገት።

ግድግዳው ተልጧል፣ ሆን ተብሎ የተላጠ፤
አረንጓዴ ከሰማያዊ ሥር ያፈጠጠ።
ቀለም አዋቂ ነው አሉ፣ መጥቶ ከሩቅ አገር
«እንዳትነኩት!» ብሎ ነበር።
አረንጓዴው የአባቴ ነው፤
ከአውቶቡስ ጋራዥ የተረፈ፣ በወተት ጣሳ ያመጣው።
አንድ እሁድ ሲቀባ ውሎ፣
ለአራተኛው ግድግዳ አልበቃ ብሎ
በኖራ በጥብጦ ጨረሰው፤ ለዚያ ነው እዚህ ጋ የፈዘዘው።
ስንጥቁ የቶሪቢዮ ነው፣ ካውያ ወርውሮ ሲስተኝ፤
ሃምሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ።

ከዚህ ቤት ስንወጣ የሦስት ወር ኪራይ ነበረብን፤
አልጋችንን በጋሪ ጭነን፣ በጨለማ ነው የወጣን።
ያቺን ዕዳ ልጄ ሳታውቅ በአንድ ሌሊት ከፈለችልን።

ከመታጠቢያው አጠገብ፣ በመስታወት ተሸፍኖ፣
ትንሽ መብራት በርቶበት፣ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ሆኖ፣
የድሮው የበር መቃን።
በምስማር የተጫረ መስመር፣ ቁመት የተለካበት፤
ከሥሩ «ያልታወቁ ልጆች» የሚል ጽሑፍ አለበት።
ያልታወቁ!
ከላይ ቶሪቢዮ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሬሜዲዮስ፤
ከታች፣ ለብቻዋ፣ አንዲት መስመር አለች፤
ቤርታ ናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካች።
ሳል ነው አሉ። በዚያው ሰሞን ሄደች።

የመብራቱን ማጥፊያ ፈልጌ አጠፋሁ፣
ትተኛ ብዬ። እኔ ግን ብዙ ቆየሁ።
ሳሙናው የብርቱካን አበባ ይሸታል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፤
ሁለቱን ከቦርሳዬ ከተትኩ፣ ልቤ «ተከፍሎበታል» ብሎ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ፓፓያ፣ በስሱ ተከትፎ፣
ባቄላ በስኒ፣ ላዩ ላይ ቅጠል አርፎ።
መጠይቅ አመጡልኝ፦ «ከዚህ በፊት እኛ ዘንድ አርፈው ያውቃሉ?»
«አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። «ለስንት ሌሊት?» ይላሉ።
አሰላሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በሦስት መቶ ስልሳ አምስት።
ሳጥኗ የምትይዘው ሁለት አሃዝ ነው፤ ተውኩት።

ሌሊቱን ዘንቦ ኖሮ፣ የመንገዱ በር አብጦ
ኢላሪዮ ይታገላል፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ፊቱ ተለውጦ፤
ሁለት እንግዶች ከኋላው፣ ታክሲያቸው ውጭ ቆሞ፣
«አናጢ ይጠራ!» ይላል አንዱ፣ ደጋግሞ።
«ወግድ እስቲ፣ ልጄ» አልኩት።
እጀታውን ወደ ላይ፣ በትከሻ ገፋ፣ ከሥር በጉልበት መታ፤
ተከፈተ፣ እንደ ልማዱ፣ በዝግታ።
«እንዴት አወቁበት?» አለኝ።
ሻንጣዬን አነሳሁ።
«ደርግመህ ብቻ አትዝጋው» አልኩት፣
«ፎቅ ላይ ሕፃን ተኝታለች።»