ያልመጣው እሳት

የብርድ ዘበኛ ነኝ፤ ከዜሮ በታች ሰማንያ፣
ክፍሌ ምድር ቤት ነው፣ ከአንሶላው ማጠቢያ።
ጓንት አጥልቄ በር እከፍታለሁ፣ ቁጥር አነባለሁ፣
ብልቃጥ አወጣለሁ፣ ብልቃጥ እመልሳለሁ።
በየብልቃጡ ውስጥ፣ ሽምብራ የምታህል
ቢጫ ስብ ተኝታለች፣ ስም የሌላት አካል።

የአራት መቶ አሥራ ሰባትን ግን ስሟን አውቃለሁ፤
ቪሲታሲዮን ናት፤ ከሷ ጋር በአንድ አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

ከተማችን የክላ ናት፤ ስፔን ውስጥ፣ ወይን በሞላው ሜዳ፤
ሰርጉም በሶፋ ነው፣ የባንኩም ዕዳ።
ቪሲ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ገብታ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ስፖንጅ ሸነሸነች፣ በሚያፏጭ ምላጭ፣ ከማለዳ እስከ ሌት።
ቢጫው ብናኝ በቅንድቧ ላይ፣ በሻይዋ ላይ፤
ልጇን ልታጠባ ስትል ከጡቷ ታራግፈው ነበር፣ ከላይ ከላይ።
አለቃው እሳት የላሰ ሰው፤ “ዱቄቱን” ይል ነበር “እንዳትንቁት፤
ሲጋራ ቢወድቅ አይነድም፤ እንግሊዞች የሚገዙን ለሱ ነው፣ ዕወቁት።”

እሳት እንዲከላ ተብሎ የተዘራ፣
እሳት ባጣ ጊዜ ሰው ውስጥ ገባ፣ ስብ ውስጥ ጎጆ ሠራ።
ውሃ አይወስደው፣ ላብ አያወጣው፤ ቅባት ነው የሚወደው፤
በጭን፣ በሆድ ሞራ፣ ዓመት ይቀመጣል፤ ኪራይ የለ የሚከፍለው።

ደሟ የተለካ ለት ሐኪሙ መነጽሩን ዝቅ አደረገና፣
“መጥፎው ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩው ዝቅ፤ ቅቤ አብዝተሻል” አላት፣ ገና
ወንበር ሳትይዝ።
“ቅቤ? ቅቤ ቤቴ አይገባም። ወይራ ዘይት፣ ሽምብራ፣ ሰርዲን፣
እሑድ እሑድ ጥንቸል፤ ይኼው ነው ገበታዬ፤ ጠይቀው ባሌን።”
እሱ ክኒን ጻፈ። እሷ ክኒን ዋጠች። አፈረችም፤
ያልቀመሰችውን ጮማ ሰርቃ እንደ ተያዘች፣ ለእህቷ እንኳ አልነገረችም።

ሐሞቷን ሊያወጡ ያስተኟት ቀን መጣች ማካሬና፣
“ለጥናት ነው፤ ስብ ይስጡን፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል” አለቻት፣ በትሕትና።
ቪሲ ሳቀች፤ “ኪሎውን ውሰጂው፤ ብትፈልጊ ሁለት፤
ከወለድኩ ጀምሮ ገዥ አጥቼለት!”

አምስት መቶ ስድስት ሴቶች። አምስት መቶ ስድስት ብልቃጥ።
ማካሬና ስታነጥር፣ ስታጣራ፣ ከማሽኑ ፊት ስትቀመጥ፣
ስባቸው ዱቄት የበዛበት፣ ደማቸውም ቅባት የበዛበት ይመስላል፤
“ይመስላል” በምትለው ቃል ላይ ሦስት ሳምንት ተከራክረዋል።
“ጎን ለጎን የሄደ ሁሉ” አለችኝ “እጅ ለእጅ አልተያያዘም፤
ዕድሜ አለ፣ ውፍረት አለ፤ አላውቅም ማለት ነውር አይደለም።”

ቪሲ አውቶቡስ ውስጥ ክንዴን ያዘች፤ “ስቤ ምን አለ?”
የአንድ ሰው ቁጥር አይነገርም፤ ፈርመናል። ዝም አልኩ፤ አውቶቡሱ ዋለለ።
“ይሁን” አለች። “አንድ ነገር ብቻ፤ ያን ሁሉ ሶፋ ስንሰድ፣
የማን ሳሎን ተረፈ? ሰምተሽ ታውቂያለሽ፣ ቤት ሊነድ ሲል ሳይነድ?”

በጥር፣ እነሱ ሳን አንቶን በሚሉት፣ በአባ እንጦንስ ዋዜማ፣
አሮጌ ዕቃ ይቃጠላል በየአደባባዩ፣ በከተማ።
ቪሲ የእናቷን ሶፋ አስመጣች፤ በእጇ የቆረጠችውን፣
በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችውን።
የወይን ሐረጉ ነደደ። ወንበሩ ነደደ። የአልጋው እግር ነደደ።
ሶፋው
ጨርቁ ተላጠ፣ ስፖንጁ ጠቆረ፣ አጨሰ፣ አለቀሰ፣
እንደ ግትር በቅሎ መሐል ቆመ፤ እሳቱም ተመለሰ።
ልጆች ሳቁ። ባሏ ቤንዚን ይምጣ አለ። እሷ ግን
እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዐይኗ እየተቃጠለ፣ “አያችሁ” አለች “ሥራችንን!”

በኩራት ነው ያለችው። እኔ ነኝ ያፈርኩት፤
“ከጭሱ ወዲያ በይ” ብዬ እጇን ሳብኩት።

በማግስቱ በሩን ከፈትኩ፤ ሰማንያ ከዜሮ በታች፤
አራት መቶ አሥራ ሰባት ቦታዋ ላይ ነበረች፣
በዓለም ካለው ነገር ሁሉ ከእሳት የራቀች ይልቅ።
ቶሎ ዘጋሁ። ብርዱ እንዳይወጣ። ወይም ያ እሳት፣
ያን ሁሉ ዘመን የተጠበቀው፣ ድንገት እንዳይዘልቅ።