ከዘጋቢው ፊልም የተቆረጠ

በሐይቅ ትምህርት ቤት፣ አዳራሹ ሞልቶ፣
ጀነሬተር እደጅ እያጓራ በርትቶ፣
ሉባባ ከፊት ወንበር ቁጭ ብላ
ራሷን አየች፣ አንሶላ ላይ ተስላ።

አበጋሩ መረቁ፣ አሚን ተባለ፤
ይመር አጎነበሰ፣ ድንጋይ እንዳዘለ።
«ይቅር ብያለሁ» አለች የአንሶላዋ ሉባባ፤
ያየው ሁሉ አጨበጨበ፣ ያላጨበጨበው አነባ።

መብራት ሲበራ ፊልም ሠሪው ልጅ ቀረባት፣
ምርቃት ሽቶ።

«አላህ ይስጥህ። ዝምታዬስ የት ገባ?
የግራሩ ጥላ ከእሱ ተነሥቶ እግሬ ሥር እስኪደርስ
አንድ ቃል አልወጣኝም'ኮ።
ጉልበቱ ሲብረከረክ እያየሁ
ትንሽ ይክበደው አልኩ በሆዴ፤
የልጄ የሙህዬ ሬሳ ለኔስ ቀሎኝ ነበር?
ኋላ ሸሚዙን አየሁት፤ አዝራሩ ወልቋል።
እናቱ እሱ እስር ቤት ሳለ ሞታለች፣
ማን ይትከልለት?
እዚያ ላይ ነው የለቀቀኝ።»

«ይረዝማል ተብሎ ነው እማማ፤ ቆረጥነው።»

«አዪ…»
ሻሿን አጠበቀች።

እደጅ ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው።
ይመር ባትሪ ይዞ አጥሩ ሥር ቆሟል።
ክንዱን አልያዘችም፤
መብራቱን ግን
ረግጣ ረግጣ ሄደች።