አንድ ማንኪያ አስቀር

ሪህ የሀብታም ነው ይላሉ፣
ደመወዜን ሳያዩ የሚያወሩ ሁሉ።
እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ ሳስካቱን ከተማ፣
ቀኝ እግሬ ፍሬን ላይ፣ አውራ ጣቴ የሚነድ እንደ ሻማ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፣ ቀና አለች፣
«ሥጋ ተው» አለች።
እንዲሁ፣ በሁለት ቃል።
ሰው ሚስቱን እንኳ ከዚህ በላይ ተመክሮ ይፈታል።

ኅዳር ላይ ከገበሬው በሬ ገዝተን የምንካፈል ሰባት ነበርን፤
«የሱን መደብ ለማን እንስጥ?» ሲባባሉ እየሰማሁ ስድስት ሆንን።
አጥናፉ ደወለ፦ «ጾም ነው እንዴ?» «አይደለም።»
«ሃይማኖት ቀየርክ?» «አልቀየርኩም።»
«ታዲያ ምንድን ነው የምትበላው?» መልስ አጣሁ፣
ፍሪጄን ከፍቼ አየሁ፦
ካሮት፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ ባዶነቱን የሚያጋልጥ አምፖል ሲበራ።

ያን ምሽት ነው ሃርጂት ሲንግ በሬን የመታው፣
ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ፣ ነጠላ ጫማ በካልሲ አድርጎ፣
በእጁ አንድ ኩባያ እርጎ።
«ወተት አፍላ፤ ትንሿ ጣትህ እስከ አሥር ከቻለችው
ይህን ጨምርና ጠቅልለህ አስተኛው።
ብላ፣ ጥገብ፣ ግን ታችኛዋን አትላሳት፤
አንድ ማንኪያ አስቀር። ላሟ እሷ ናት።»

የመጀመሪያው ውሃ ሆነ። ሁለተኛው እንደ ሙጫ ተጎተተ።
ሦስተኛውን በክረምት ካፖርቴ ጠቅልዬ፣
ማሞቂያው ሥር አስተኝቼ፣ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብዬ፣
ወጣሁ ወደ ሥራ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
ሹራብ ደራርቤ፣ ካፖርቴ ለወተቱ ቀርቶለት።
ስመለስ ጠርሙሷን ባዘነብላት እርጎው አልፈሰሰም፤
እንደ ኮሩ ሽማግሌ፣ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያማ ኪያር ፈቀፈቅኩ፣ ጨው ነስንሼ ውሃውን ጨመቅኩ፣
ነጭ ሽንኩርት አንድ ፍሬ ወቀጥኩ
(ሁለት ከሆነ ተሳፋሪው በኋላ በር ነው የሚገባው)፣
እርጎው ላይ ገለበጥኩት፣ በዳቦ ጠረግኩት፣ አበቃው።
የትናንት ሩዝ፣ ቀዝቅዞ እርስ በርሱ የተያያዘ፣
በእርጎ ሲርስ ተፍታታ፣ ኩርፊያው ደበዘዘ።
የሰናፍጭ ፍሬ በዘይት፣ ጠሽ! ጠሽ! ክዳኑን እየመታ፣
ቃሪያ ስንጥቅ፣ እርድ ቆንጠር፣ ያ ነው እራቴ ማታ ማታ።
ምስሩ የዚሁ አገር ነው፣ ከከተማ ወጣ ሲሉ ይበቅላል፤
ተልባውም፣ ሐምሌ ላይ ሜዳውን ሰማያዊ ያለብሰዋል።
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሣር መስሎኝ አልፌዋለሁ፤
አሁን ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ እርጎ ላይ እነሰንሰዋለሁ።

ረቡዕና ዓርብ ጠርሙሷ ተከድና ትውላለች፤
እሷም ከኔ ጋር ትጾማለች።

የካቲት ላይ፣ በረዶ መንገዱን ዘግቶ፣ አንድ ማክሰኞ ሌሊት፣
ሰባት ሰዓት ገባሁ ቤት።
ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ፍሪጁ ፊት ቆሜ፣ መብራት ሳላበራ፣
ማንኪያ በማንኪያ ወረድኩ።
ጠርዙን ፋቅኩ።
አንዲት ጉርሻ ስትቀር
እጄ ቆመ።
ክዳኑን መለስኩ። ሳልጠግብ ተኛሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተናድጄ።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ሃርጂት፣ ከስቶ፣
ከብረት አምባሩ ጎን የሆስፒታሉ ወረቀት እጁ ላይ ቀርቶ።
«ሦስት ሳምንት» አለ። «ፍሪጄ ሻግቷል። እርጎዬም ሞቷል።
ምናልባት ካንተ ጋ...» የቀረውን ዋጠው።

ጠርሙሷን ሰጠሁት።
በጣቱ ጫፍ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
ምስጋና ጠበቅኩ።
«ጎምዝዟል» አለኝ። «ብዙ ታስተኛዋለህ።
ነጭ ሽንኩርትም ይሸታል። ይህ የኔ አይደለም፣ ያንተ ሆኗል።»
ይህን ብሎ ያንኑ ኩባያ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ።

የኔን ወተት ጣድን። ግንፍል ሊል ሲል አወጣን።
እስኪበርድ ስለ ጨው ተከራከርን።
ከዚያ እሱ ትንሿን ጣቱን ነከረ፣ እኔም የኔን፣
በየቋንቋችን መቁጠር ጀመርን፤
እኔ ስምንት ላይ ሳለሁ
እሱ አሥር ብሎ ጨረሰ።