ደሞዝ

ከሌሊቱ አሥር ተኩል፣ ብሩክስ፣ አልበርታ፤
አመዳዩን ስፍቀው በባንክ ካርድ ላፍታ፣
ብርዛፍ ትገባለች። «እንዴት አደርሽ» የለም፤
በሻርፕ የታሰረ አገጭ አይናገርም።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከሥጋው መስመር ላይ፣
እሷ ስትበልት፣ እኔ አጥንት ስለይ፣
እንዲህ ቢላ የሚታዘዝላት ሴት አላየሁም፤
የብረት ጓንቷ እንኳን ጭረት የለበትም።

ጥቅምት ላይ ቢጫ ቆብ አደረጉላት፤
የመስመር አለቃ። በሰዓት ሦስት ዶላር ጨመሩላት።
ልብስ መቀየሪያው በእልልታ ቀለጠ፤
ቤቷ ስትደርስ ግን ነገር አፈጠጠ።
«ማነው የጨመረልሽ? በምን ምክንያት?»
በሦስት ዶላር አንሶ አመሸ፤ በዚያው ሌሊት መታት።

እኔ ነኝ የመከርኳት፤ ክፉ አልመሰለኝም፦
«ወረቀቱን ቅደጅው፤ ያላዩት አያምም።
ዝቅ በይለት፣ እህቴ፤ ወንድ ሆድ ይብሰዋል፤
ትርፍ ሰዓቱን ተይው፤ ብርዱ ሲያልፍ ይተዋል።»

ቀደደችው። «ምን ደበቅሽ?» ብሎ መታት።
ትርፍ ሰዓት ተወች። ኪራይ ጎደለ፤ ለሱም መታት።

ደሞዝ እንላለን፤ ደም እና ወዝ ነው፤
ወዙን ፋብሪካው ወሰደ፣ ደሙን ቤት ነው የከፈለችው።
ለጣቷ የብረት ጓንት የሰጣት ድርጅት፣
ለፊቷ የሚሆን ምንም የለው ለቤት።

መጋቢት ላይ፣ «ባንክ አድርሺኝ» አለች፤
በስሟ ብቻ ደብተር ከፈተች።
ከልብስ ማጠቢያው በላይ አንድ ክፍል ተከራየች፤
መቀርቀሪያውን በገዛ እጇ፣ በአራት ብሎን አሰረች።

ያስመታት ገንዘብ ነው። መቀርቀሪያውም ገንዘብ ነው።
ሁለቱን ማን ያስታርቅ? የኔ ሥራ መንዳት ነው።

አልለቀቃትም። ማታ ማታ ከመንገዱ ማዶ
መኪናው ይቆማል፤ ሞተሩ አይጠፋ፣ ጎማው ላይ በረዶ።
ፍርድ ቤት ወረቀት ሰጣት፣ «አይቅረባት» የሚል፤
እንኳን ሰው፣ ነፋስም ወረቀት አይከለክል።

ብቻ ዓርብ ዓርብ፣ እኔ መኪና ውስጥ፣
የደሞዟን ወረቀት ትዘረጋለች፤
ጮክ ብላ፣ እስከ ሳንቲሟ፣ ታነበዋለች።
ደግማ ታነበዋለች።

እኔ መሪውን እንደያዝኩ የራሴ ትዝ ይለኛል፦
ዐሥራ አንድ ዓመት፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣
ከስኳሩ ቆርቆሮ ሥር ተወትፎ።
ባሌ ደግ ሰው ነው። አንድም ቀን አልመታኝ።
ታዲያ ማን አስተማረኝ ማጠፉን?

መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል።
ከኋላዬ ሰው ጡሩምባ ይነፋል።