መቶ ሚሊ ሊትር

ቤቴ ቡልቡላ ነው፣ ከማኮብኮቢያው ጫፍ፣ ከሽቦው አጥር ማዶ፤
አውሮፕላን ሲወርድ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ እንደ መታው በረዶ።
ብርጭቆ ከብርጭቆ ይጋጫል፣ ቴሌቪዥኑ ይንተባተባል፣
ልጄ ናትናኤል ግን አፉን ከፍቶ ይተኛል።

አንድ ሌሊት ብቻ ባነነ።
ሩቅ አገር፣ ስሙን አጥርቼ በማልጠራው ከተማ፣
አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ ወረፋ ገባ አሉ፤
ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማ።
ሰማዩ ተዘጋ። በረራ ቀረ።
ቡልቡላ ጸጥ ሲል ልጄ ተነሥቶ ተቀመጠ፤
"እማዬ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለኝ።
ጎረቤት ሁሉ መብራት አብርቶ፣ ጋቢ ደርቦ፣
ደጅ ቆሞ ጸጥታውን ያዳምጥ ነበረ።

በሳምንቱ ደንቡ መጣ፣ በማኅተም፣ በቁጥር።
ቀበቶ ይፈታ። ጫማ ይውለቅ።
ሸኚ ከበር ይመለስ።
ፈሳሽ ከመቶ ሚሊ ሊትር አይለፍ።
መቶ ሚሊ ስንት ነው? ተባባልን እኛ ፈታሾቹ፤
ውባለም የልጇን የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ይዛ መጣች፣
"ይኸውና፣ የዓለም ሰላም በዚህ ነው የሚሰፈር" አለች።
ሳቅን። አለቃችን ሲገባ ሳል አስመሰልነው።

ጋሽ መንበሩ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው፣
"በእኔ ጊዜ" ይላል፣ "ዘመድ ሰገነት ላይ ቆሞ ነጠላ ያውለበልብ ነበር፤
የቱ መስኮት የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ
ለሁሉም ይለቀስ ነበር።"
ዛሬ ስንብቱ ከመኪና ማቆሚያው አያልፍም፤
እንባም ፈሳሽ ነው መሰለኝ።

እኔ ጫማ ማውለቅ የማውቀው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር፣
"የቆምህባት ምድር ቅድስት ናትና" ሲባል።
አሁን በቀን ስንቱን አስወልቃለሁ፣
ምድሪቱም ቅድስት አይደለችም፣ ሴራሚክ ናት።
ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ፣ ሚኒስትር መሳይ ሰውዬ፣
ከኋላው ቤሩት የምትሄድ የሰላሌ ልጅ፣
ጫማዋን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ጫጩት የያዘች፤
ሁለቱም ወገባቸውን ጨብጠው፣ ልብስ እንዳይወርድ።
እኩልነት የሚሉትን እኔ ያየሁት እዚያ ነው።

ጥቅምት ላይ፣ ከጎሮ የመጡ አዛውንት ተሰለፉ፣
በሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ሊትር ጠበል ታቅፈው።
ልጃቸው ዱባይ ታማለች።
ፓስፖርት የሚያየው ጎረምሳ ስማቸውን ጮኾ ጠራ፦
"ሽብሩ!"
ወረፋው ለሁለት ተከፈለ። አንዲት እናት ሕፃኗን ደረቷ ውስጥ ደበቀች።
አንድ ፈረንጅ ብቻ፣ ምንም ሳይገባው፣
ሳንቲሙን ትሪው ላይ ይደረድራል።
"አቤት" አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው፣
ሰማንያ ዓመት አቤት ሲሉበት በኖሩት ስም።
እናታቸው ያወጡት ጠላት እንዲፈራ ነበር፤
ስምም እንደ ጠርሙስ አንድ ቀን ከልኩ እንደሚያልፍ
በምን ይወቁ?

"ይህ አይገባም፣ አባባ።"
"ጠበል እኮ ነው።"
"አውቃለሁ።"
"ልጠጣልሽ?"
ጠጡ። ቆመው፣ በካልሲ፣ ማንቁርታቸው እየወጣ እየወረደ፣
ግማሹን ጠጡት። በመዳፋቸው ራሳቸውን አረጠቡ።
የቀረውን ዘረጉልኝ፦
"ልጅ አለሽ? እንግዲያስ እንዳትደፊው።"
ከዚያ በበሩ አለፉ፣
ሆዳቸው ውስጥ አንድ ሊትር ይዘው፤
ማሽኑ ጢጥ አላለም።

ደንቡ ወደ በርሜል ይላል።
ማታ ስወጣ እኔንም ይፈትሹኛል፤
ቦርሳዬ ውስጥ የውባለም የሽሮፕ ጠርሙስ ብቻ፣
እስከ መስመሩ፣ አንዲት ጠብታ ሳታልፍ።
የቀረውን ደፋሁት።
ደፋሁት፤ ምን ላድርግ።

ልጄን ግንባሩን ስነካው አልነቃም።
አሥር ሰዓት ላይ አንዱ ወረደ፣ ብርጭቆው ተንጫጫ፣
አልጋው ሥር ቆሜ ሆዱን በመብራት አየሁት፦
ስንት ሰው፣ ስንት ቀበቶ፣ ስንት ስም ይሆን የያዘ?
እግሬን ቀዘቀዘኝ ብዬ ወደ ታች ባይ፣
ጫማዬን አውልቄ ነው ለካ የቆምኩት፤
መቼ እንዳወለቅኩት አላውቅም።